ያገለገለ የናፍጣ መኪና ከመገዛቱ በፊት ሞተሩ እንዴት ይመረመራል?

የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከአባሎቻቸው ያሰባሰቡትን እህል ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘርን ደግሞ ከመጋዘን ወደ ቀበሌ ለማጓጓዝ የራሳቸው መኪና ቢኖራቸው የሚያገኙት ጥቅም ከፍ ያለ መሆኑ አያከራክርም። የኪራይ መኪና በመኸር ወራት ሲፈለግ አይገኝም፤ ሲገኝም ባለቤቱ የጠየቀውን መክፈል ግዴታ ይሆናል። በመሆኑም ብዙ ማኅበራት ካጠራቀሙት ገንዘብ አንሥተው አንድ ያገለገለ ፒክአፕ ወይም አነስተኛ የጭነት መኪና ለመግዛት ይወስናሉ። ውሳኔው መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ከውሳኔው በኋላ ነው። ገንዘቡ የብዙ አባወራዎች የዓመታት ቁጠባ ሆኖ ሳለ፣ ግዢው የሚፈጸመው ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጉብኝት፣ በደላላ አንደበትና በመኪናው ቀለም ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለሆነም ቀደም ብለው የገቡት መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ መሥራታቸውን ቀጥለዋል፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ፒክአፕ ለሽያጭ መቅረቡም የተለመደ ነው። ዕድሜው ብቻውን ነውር አይደለም። በሚገባ የተያዘ የሠላሳ ዓመት የናፍጣ ሞተር በአምስት ዓመቱ ከተጎሳቆለው ይበልጣል። ቀለም በሳምንት ይቀባል፣ ጎማ በአንድ ቀን ይለወጣል፤ ሞተር ግን ወርዶ የሚታደስ ከሆነ መኪናው በመኸር ወቅት ጋራዥ ይውላል፣ የማኅበሩም ተቀማጭ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቅ ይገባል። ስለዚህ የምርመራው ዋና ትኩረት ሞተሩ ላይ መሆን ይኖርበታል።

ምርመራውን ለመረዳት የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር የሚለይበትን ማወቅ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. አውግስቡርግ ከተማ ላይ ሠርቶ ባሳየው ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭር ካንዴላ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። ፒስተኑ አየሩን ከሃያ እጅ ወደ አንድ እጅ ገደማ ሲያምቀው የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚያ የጋለ አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ የሞተሩ ሕይወት ያለው በእመቃው፣ መካኒኮች ኮምፕሬሽን በሚሉት ላይ ነው። የፒስተኑ ፋሻ ሲበላ ወይም ቫልቮች በደንብ አልገጥም ሲሉ አየሩ ያመልጣል፤ ያመለጠ አየር አይግልም፤ ካልጋለ ደግሞ ናፍጣው አይነድም።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ደንብ ሞተሩ ሳይሞቅ መታየት እንዳለበት ነው። የሞቀ ሞተር ብረቱ ራሱ ሙቀት ስለሚሰጥ የደከመውም ቢሆን በአንድ ቁልፍ ይነሣል። ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ግን የሚረዳው የለውም። ስለዚህ ገዢው ኮሚቴ ከሻጩ ጋር የሚቀጠረው ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መኪናው ባደረበት ግቢ መሆን አለበት። እንደደረሱም ከሰላምታ በኋላ ኮፈኑን አስከፍቶ እጅን ቴስታታው ላይ ማሳረፍ ነው። ሻጩ «እንዳትቸገሩ ብዬ አስነሥቼ አሞቅሁት» ካለ፣ ለደግነቱ አመስግኖ በማግስቱ እንደሚመለሱ መንገር ይገባል። መኪናውን ዘወትር ቁልቁለት ላይ የሚያቆም ሻጭም ምክንያቱን ቢጠየቅ አይከፋም።

ጤነኛ ሞተር የማሞቂያ ካንዴላው መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ እስኪጠፋ ከተጠበቀ በኋላ ቁልፉ ሲዞር በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይነሣል። ትንሽ ነጭ ጭስ አውጥቶ ቢያጠራ ችግር የለውም። ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ እየዞረ ሞተሩ እንቢ ካለ፣ ወይም ተነሥቶ በአንድ እግሩ እንደሚያነክስ እየተንገጫገጨ ደቂቃዎች ከቆየ መንሥኤው መጣራት አለበት። ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ አየር ወደ ናፍጣው መስመር ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ተቃጥለው ሊሆን ይችላል። እነዚህ በአነስተኛ ወጪ የሚጠገኑ ስለሆኑ የመደራደሪያ ነጥብ ይሆናሉ እንጂ ግዢውን አያስቀሩም። እመቃው ደክሞ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱን ለመለየት መካኒኩ የካንዴላዎቹን ሽቦ ነቅሎ በአንድ አነስተኛ አምፑል አማካይነት እያንዳንዱን ከባትሪው ፖዚቲቭ ጋር ያገናኛል፤ ደህናው አምፑሉን ያበራል፣ የተቃጠለው አያበራም። ሁሉም ደህና ሆነው ሞተሩ በጠዋት የማይነሣ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ እመቃው ይሄዳል።

ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ግን ሦስት ነገሮች መታየት አለባቸው፤ ከሦስቱም ለገጠር መኪና ዋነኛው አቧራ ነው። በጠጠርና በጥርጊያ መንገድ የሚሠራ ሞተር በቀን የሚስበው አቧራ ብዙ ነው። የአየር ፊልትሮው ከተቀደደ፣ ጠርዙ ካልገጠመ ወይም በውሃ እየታጠበ ከሳሳ አቧራው ከአየሩ ጋር ወደ ሲሊንደር ይገባል። እዚያም ከዘይት ጋር ተለውሶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፋሻውንና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቃል። በአንድ በጋ ብቻ ሞተር በዚህ መንገድ ሊያልቅ ይችላል። ሻጩ አዲስ ፊልትሮ ገዝቶ ሊያስገባ ይችላልና ፊልትሮውን ማየት ብቻ በቂ አይሆንም። መታየት ያለበት ከፊልትሮው በኋላ ወደ ሞተሩ የሚወስደው ላስቲክ ቱቦ ነው። ቱቦውን ፈትቶ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው። በጨርቁ ላይ ቀይ ወይም ቡናማ አቧራ ከወጣ ሞተሩ አቧራ ሲጠጣ እንደኖረ ይመሰክራል። ይህ ምርመራ ምንም ወጪ የለውም፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። ሆኖም መኪና ለመግዛት ከሚሄዱት ውስጥ የሚያደርገው ጥቂቱ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለአንድ የገበሬ ማኅበር ከሌሎቹ ምርመራዎች ሁሉ ይህ ይቀድማል።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተለወጠ ከጥቂት ቀን በኋላ ጥቀርሻ ስለሚቀላቀለው መጥቆሩ ተፈጥሮው ነው። ብዙ ሰው ጥቁር ዘይት አይቶ ይሸሻል፤ ማር የመሰለ ንጹሕ ዘይት አይቶም ይደሰታል። በአሮጌ ናፍጣ ሞተር ውስጥ ንጹሕ ዘይት ማለት ግን ዘይቱ ትናንት ወይም ከትናንት በስቲያ ተለውጧል ማለት ብቻ ነው፤ የተንኳኳ ሞተርን ድምፅ ለማፈን ወፍራም ዘይት ተጨምሮበትም ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ዘይቱ የቡና በወተት መልክ አለመያዙ ነው፤ ከያዘ ውሃ ገብቶበታል። በመለኪያው ዘንግ ላይ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከተገኘ፣ ቀጥኖም ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ደግሞ ከፖምፓው ወይም ከኖዝሉ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው።

ሦስተኛው ራዲያተሩ ሲሆን ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነው። በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት፣ የዛገ ቀይ ዝቃጭ፣ በሞተሩ መነሣት ጊዜም ያለማቋረጥ የሚወጣ አረፋ የጓርኒሲዮን መቃጠል ወይም የቴስታታ መሰንጠቅ ምልክቶች ናቸው። ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ በተነሣ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ድንጋይ ከሆነ ምክንያቱ ያው ነው።

ወደ ጭሱ እንመለስ። ነጭ ጭስ ዓይን የሚቆጠቁጥ ከሆነ ያልነደደ ናፍጣ ነው፤ ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው እንፋሎት ከሆነ ደግሞ የራዲያተሩ ፈሳሽ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ያመለክታል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን የሚናገር ሲሆን ከቆሸሸ ፊልትሮ፣ ካረጀ ኖዝል ወይም ከተበላሸ የፖምፓ ልክ ይመጣል።

በጥቁሩ ጭስ ላይ ግን የአገራችን ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያም ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ፖምፓው ለባሕር ጠረፍ የተለካውን ናፍጣ እየረጨ የሚያገኘው አየር ግን ያነሰ ነው። ስለሆነም በደጋው አገር ዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ማውጣቱ ሞተሩን አያስኮንነውም። አዳማ ላይ ያልጨሰ መኪና ደብረ ብርሃን ሲደርስ ቢጨስ አያስደንቅም። ከዚህ የተነሣ ማኅበሩ መኪናውን የሚያሠራበት ቦታ ደጋ ከሆነ በቆላ ከተማ የተደረገ የመንዳት ሙከራ ብቻውን በቂ አይደለም። ውሃም አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ላስቲኩ የደረቀ የራዲያተር ክዳን በቆላ ከሚያስከትለው በበለጠ በደጋ ጉዳት ያመጣል።

ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ገልብጦ በቀዳዳው ላይ ማስቀመጥ ሌላው ምርመራ ነው። ክዳኑ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደንቡ ነው። ወዲያ ከተወረወረ፣ ከቀዳዳውም እንደ ጎጆ ጭስ እየተትጎለጎለ ከወጣ የተቃጠለው ጋዝ በፋሻው አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው። ይህን ያሳየ ሞተር ቱቦው ውስጥም አቧራ ከተገኘበት ሁለቱ ምስክሮች ተስማምተዋል ማለት ነው፤ ዋጋው ቢቀንስም እንኳ መተው ይሻላል።

የመንዳት ሙከራው በባዶ መኪና መሆን የለበትም። ማኅበሩ መኪናውን የሚገዛው ኩንታል ሊጭንበት ነው፤ ሙከራውም ኩንታል ተጭኖበት፣ ረዘም ባለ ዳገት ላይ ይሁን። ለጎጃም ሰዎች ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወስደው አቀበት፣ ለሸዋ ሰዎችም ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣው መንገድ ከማናቸውም ጋራዥ የበለጠ መርማሪዎች ናቸው። በአቀበቱ ላይ የሙቀት ጠቋሚው ከመካከል ወደ ላይ እየወጣ ከሄደ መቆም ነው። ቁልፉ ሲከፈት የዘይት መብራቱ መብራቱንና ሞተሩ ሲነሣ መጥፋቱንም ማየት ይገባል፤ ከመጀመሪያውም የማይበራ ከሆነ አምፑሉ ሆን ተብሎ ወጥቶ ይሆናል።

እስካሁን የተዘረዘረው ሁሉ በዓይን፣ በእጅና በአፍንጫ የሚደረግ ነው። ቁርጡን የሚናገረው የእመቃ መለኪያው ነው። መለኪያው ለናፍጣ ሞተር የተሠራ መሆን አለበት፤ የቤንዚኑ መለኪያ ይህን ያህል ግፊት አይችልም። ደህና የሆኑ ብዙዎቹ ቀላል የናፍጣ ሞተሮች ከ25 እስከ 35 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ያሳያሉ። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። በቆላ 30 የሚያሳይ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 23 ያህል ቢያሳይ ያረጀ አይደለም፤ አየሩ ነው የሳሳው። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የሲሊንደሮቹ እኩልነት የበለጠ ይናገራል። በአንዱና በሌላው መካከል ከ5 ኪሎ የበለጠ ልዩነት ከተገኘ አንዱ ሲሊንደር ታሟል። በቤንዚን ሞተር የለመደ መካኒክ የቀነሰውን ሲሊንደር ለመፈተሽ ዘይት ላፍስበት ሊል ይችላል። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ አልታመቅ ብሎ ቢዬላውን ሊያጣምም ይችላልና አይፈቀድለት።

ሞተሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅም የወደፊቱን ወጪ ያሳያል። በአሮጌዎቹ የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች ላይ የሚገኙት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል፣ በላንድ ክሩዘር ላይ ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር 1ኤችዜድም ቫልቮቻቸው የሚታዘዙት በላስቲክ ቺንጋ ነው። ይህ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጣል፤ ሳይለወጥ ቀርቶ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል። መቼ እንደተለወጠ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተለወጠ ቆጥሮ ዋጋውን ከመኪናው ዋጋ ላይ ማስቀነስ ነው። የአይሱዙዎቹ 4ጄኤ1ና 4ጄቢ1 ግን በቺንጋ ሳይሆን በጥርስ የሚሠሩ ከሆኑ ይህ ስጋት የለባቸውም። በኋላ የወጡት ባለ ኮምፒውተር 1ኬዲና 2ኬዲ ሞተሮች ጉልበታቸው ጥሩ ነው፤ ናፍጣም ይቆጥባሉ። ነገር ግን በኖዝሎቹ ሥር ያለው ቀጭን የመዳብ ማስቀመጫ ሲያረጅ ጥቀርሻ ወደ ዘይቱ ይወርድና የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፤ ዘይት ያጣ ሞተርም ይነክሳል። ጋራዥና ኮምፒውተር በሌለበት ወረዳ፣ ከተቻለ ቀላሉ አሮጌ ሞተር ይመረጣል።

ስለ ናፍጣውም ጥቂት እንበል። በጄሪካን ከሚሸጥ ነዳጅ ውስጥ ነጭ ጋዝ ወይም ውሃ መገኘቱ የታወቀ ነው። የእነዚህ ሞተሮች ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ነዳጅ ፖምፓውን ያደርቀዋል። በናፍጣው ፊልትሮ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ላላ አድርጎ ጥቂት በብርጭቆ መቀበል ነው። ከሥሩ ውሃ ከተኛ ወይም ዝገት ከታየ ፖምፓው ምን ሲጠጣ እንደኖረ ይታወቃል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በተመለከተ፣ ወደ ኋላ መመለሱ ቀላል ስለሆነ ብዙ ባይታመን ይሻላል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሎቹ ላስቲክ መበላት ከቆጣሪው ይልቅ እውነቱን ይናገራል። በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑም በኮሚቴው ዓይን ይረጋገጥ። ሞተሩ ተለውጦ ከሆነና ለውጡ ተሽከርካሪዎችን በሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ዘንድ ካልተመዘገበ ስም ማዛወሩ ማኅበሩን ለብዙ ወራት ያመላልሳል።

ለመካኒኩ የሚከፈለው ገንዘብ ከማኅበሩ ካዝና፣ መኪናው ተገዛም አልተገዛም የሚከፈል ይሁን። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ ነው፤ ደላላው ያመጣው መካኒክ ደግሞ ከዚያው ማዕድ ይቆርሳል። ማኅበሩ በራሱ የመረጠውን ባለሙያ ይዞ ከሦስት ያላነሱ የኮሚቴ አባላት ቢሄዱ፣ አንዱም የሚታየውን ሁሉ በቃለ ጉባኤ መልክ እየጻፈ ቢይዝ፣ በኋላ አባላት ሲጠይቁ መልስ አይጠፋም። የየሲሊንደሩ እመቃ ቁጥር፣ የሞተሩ ቁጥርና ሻጩ ስለ ሞተሩ የሰጠው ቃል በሽያጩ ውል ላይ ይስፈር።

መኪናው ከተገዛም ከዋጋው ሌላ ለቺንጋ፣ ለዘይት፣ ለሦስቱም ፊልትሮዎችና ለራዲያተር ክዳን የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ሊያዝ ይገባል፤ ሥራው የመጀመሪያው ኩንታል ከመጫኑ በፊት ይጠናቀቅ። ለሾፌሩም ዘይት የተጨመረበትን ቀን፣ ልክና ኪሎ ሜትር የሚጽፍበት አንድ ደብተር ተሰጥቶት፣ ደብተሩ በየወሩ ለኮሚቴው ይቅረብ።